ልጄን ተራራ ላሳያት

ጥር ነበር፣ ካርቱም ገና ሰላም ሳለች። በሁለት ብስክሌት ከሰፈራችን ከካላክላ የተነሣነው እኔና የአሥራ አምስት ዓመት ልጄ ሜሮን ነን። እናቷ ቀድማን አገራችን ደባርቅ ገብታለች፤ ሜሮንም ሄዳ እዚያ እንድትማር ትፈልጋለች። ልጅቱ ግን ካርቱም ተወልዳ ያደገች ናትና "የማላውቀው አገር ምን ልሠራ?" ብላ እምቢ አለች። እናቷም በግድ አላመጣትም አለች። እኔ ባሕሪ በሚባለው የካርቱም ክፍል ጋራዥ ውስጥ ብረት ስቀጠቅጥ የምውል ሰው ነኝ፤ በአፍ ማሳመን አልችልበትም። ቢያንስ ተራራ ምን እንደሆነ ትይ ብዬ ከከተማው በስተደቡብ ወዳለው ተራራ፣ ወደ ጀበል አውሊያ ይዣት ወጣሁ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል

የሰሜኑ ነፋስ ከኋላ ይገፋናል፤ ፔዳሉ በራሱ የሚዞር ይመስላል። መንገዱ ሜዳ፣ አሁንም ሜዳ። የጭነት መኪኖች ጥሩንባ እየነፉ ያልፉናል። "ያላ ባባ፣ አረጀህ እንዴ?" ትለኛለች። መንገድ ዳር ፉል በላን። ሻይ ሻጯ ሴት ልጅቱን በብስክሌት ብታያት "ማሻላህ" ብላ ስኳር ጨመረችላት።

አራት ሰዓት ተኩል

ተራራው ሥር ደረስን። እኛ አገር ቢሆን ይሄ ጉብታ ነው የሚባለው። ቢሆንም ካርቱም ከገባሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዳገት ወጥቼ አላውቅም። ጠጠር መንገዱን እኩሌታውን ነድተን፣ እኩሌታውን ገፍተን ወጣነው።

የደጋ ሰው ሞኝነቴ የተገለጠው አናቱ ላይ ነው። ተራራ አይደል፣ ይበርዳል ብዬ ጋቢ ይዣለሁ። ተራራ አይደል፣ ምንጭ አይጠፋም ብዬ ደግሞ ለሁለታችን አንድ ጠርሙስ ውሃ ብቻ። ጥቁሩ ድንጋይ ከሜዳው ብሶ ያቃጥላል፤ ውሃው አልቋል፤ የልጄ ከንፈር ተሰነጣጥቋል። "ምንጩስ ባባ?" አለችኝ። አፈርኩ።

በሌላው በኩል ስንወርድ፣ ለጽድቅ ተብለው ለመንገደኛ ጥላ ሥር የተቀመጡ የውሃ ጋኖች አገኘን። አጠገባቸው የነበሩ ሽማግሌ ጋቢዬን አይተው በዓረብኛ "ሐበሻው፣ ታመሃል?" አሉኝ። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ።

"እዚህ ተራራው ድንጋይ ብቻ ነው ልጄ። ውሃ የፈለገ ወደ ታች ነው የሚሄደው።"

ሜሮን እስኪበቃት ጠጣችና ወደ እኔ ዞረች። "እናንተ ጋ እውነት ከላይ ውሃ አለ?"

"አለ።"

"አሁን፣ በዚህ ወር ይበርዳል?"

"ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ታገኛለሽ። ስትረግጪው ይንኮሻኮሻል።"

ይህን ስነግራት አገሬ ናፈቀኝ፣ ሌላ ምን ይባላል። እሷ ዐይን ዐይኔን አየችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት

ጠዋት የገፋን ነፋስ ስንመለስ ፊት ለፊት መጣ። አሸዋው ጥርስ ውስጥ ይገባል። ነፋሱን ልከልልላት ከፊት ሆንኩ፤ እሷ ጎማዬን ተጠግታ ተከተለችኝ። ካላክላ የደረስነው ፀሐይ ስትገባ ነው።

በሩ ላይ "ለማማ ደውልላት" አለችኝ።

"ምን ልበላት?"

"ትምህርት ሲዘጋ እመጣለሁ በላት። አንተን እንዲህ ያሞኘህን አገር ማየት አለብኝ።"

ደስ አለኝ፤ የለፋሁት ለዚሁ ነው። ስልኩን ግን ይዤ ቆምኩ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! የሦስታችንም እንጀራ ያለው ባሕሪ ነው፤ እኔ አልሄድም። የአገርን ናፍቆት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ችዬዋለሁ። የሷን ግን አንድ ሳምንት እንኳ እንደማልችለው ያን ጊዜ ገባኝ።

ደወልኩ።