በከሰል የታተመ አውራ ጣት

ሮዝመን ባልዲውን ከመሸከሟ በፊት ከቧንቧው አጠገብ ካለው የማንጎ ዛፍ አንድ ቅጠል ትቀጥፍና ውሃው ላይ ታንሳፍፋለች። ቅጠል የተንሳፈፈበት ውሃ መንገድ ላይ አይፈስም። ይህን ያስተማረቻት እናቷ ናት፤ ከዣክሜል ከተማ በላይ ባለው ተራራ፣ ሮዝመን ሰባት ዓመቷ ሳለ። አሁን አሥራ ሁለት ሞልቷታል። በቀን አምስት ጊዜ ወደ ቧንቧው ትወርዳለች፣ አምስት ቅጠል ትቀጥፋለች።

የምትኖረው አክስቴ ኦዴት ቤት ነው። አክስቴ ትላታለች እንጂ ዘመዷ አይደለችም። ከተራራው ስታመጣት «አስተምራታለሁ» ብላ ለእናቷ ቃል ገብታ ነበር። ትምህርት ቤት የሚሄዱት ግን የኦዴት ልጆች ናቸው። ሮዝመን ቦርሳቸውን ተሸክማ እስከ በሩ ታደርሳቸውና ትመለሳለች። የምትተኛው ከምግብ ጠረጴዛው ሥር ነው፤ የምትበላው ድስቱን ከማጠቧ በፊት የተረፈ ካለ ነው።

አዲስ ዓመት ሦስት ቀን ሲቀረው ለበዓሉ ሾርባ ዱባ ልትገዛ ተላከች። ዱባውን ከተራራው በጭነት መኪና የምታመጣው ማዳም ክሎቲድ የእናቷ ጎረቤት ናት።

«ቁመቱስ መጣ፤ ሥጋውን ወዴት ጣልሽው?» አለቻት ክሎቲድ። «ለማንኛውም እናትሽ ደህና ናት። ከበዓሉ በኋላ ትንሿን ይዣት እመጣለሁ። የኦዴት እህት ቤት ትገባለች አሉ።»

«ዲውላን?»

«እሷን ነዋ። እናትሽ ‹ትልቋ ተምራልኛለች፣ ትንሿም ትማር› እያለች ነው።»

ሮዝመን ዱባውን እንዳቀፈች ቀረች። ታናሽ እህቷ ዲውላ ገና ስምንት ዓመቷ ነው።

«እኔ እኮ አልተማርኩም፤ ይንገሩልኝ።»

«ነግሬያታለሁ፤ ምቀኛ አለችኝ። ኦዴት በየዓመቱ ‹ልጅሽ ጎበዝ ናት› እያለች መልእክት ትልክላታለች። ማንን ታምናለች?»

«ደብዳቤ ብልክስ?»

«ላኪያ። ነገ ጠዋት በቧንቧው በኩል አልፋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ቧንቧው ጋ ተሰልፈው ሳለ፣ የጎረቤት ልጅ ናዴዥ ከደብተሯ አንድ ገጽ ገንጥላ፣ የተደፋ ባልዲ ላይ አስደግፋ ጻፈችላት። ሮዝመን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ተናገረች፤ ወዲያው «እሱን ተይው» አለች። ከዚያ ስለ ውሃው፣ ስለ ጠረጴዛው ሥር፣ ስለ ቦርሳዎቹ ነገረቻት። «ዲውላን እንዳትልኪያት» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስጻፈቻት።

«እዩዋት፣ ሬስታቬኳ ጸሐፊ ቀጥራለች!» አለ ከሰልፉ አንዱ ልጅ፤ ቃሉ ሰው ቤት ለሚያገለግሉ ልጆች የሚወረወር ስድብ ነው።

«አንተ ስምህን ስትጽፍ ምላስህ ይወጣል፤ ዝም በል» አለችው ናዴዥ፣ ቀና ሳትል።

ማዳም ክሎቲድ መጥታ ወረቀቱን ተቀበለች። አገላብጣ አየችውና ሳቀች።

«እናትሽ ይህን ስታይ ትጨፍራለች። የሚያነብላት እስክታገኝ መንደሩን ሁሉ ‹ልጄ ጻፈችልኝ› እያለች ትዞራለች። አንባቢው ሳይመጣ ትንሿ መኪና ላይ ናት።»

ሮዝመን ይህን አላሰበችውም ነበር። ቆንጆው ጽሕፈት ራሱ ሊመሰክርባት ነው። ከዚያ እዚያው ከምትሸጥ ከሰል ሻጭ ጆንያ ሥር ስባሪ አንስታ፣ በውሃ አርሳ አውራ ጣቷን ቀባችና ከደብዳቤው ግርጌ አጥብቃ ተጫነች። እናቷም የመሬቷ ወረቀት ላይ ያተመችው እንዲሁ ነው። ስሙን መጻፍ የሚችል ሰው በጣቱ እንደማያትም እናቷ ታውቃለች።

«መጀመሪያ ይህን ያሳዩአት» አለቻት።

ክሎቲድ ጥቁሩን ጣት አየች። በዚህ አልሳቀችም። «በዚህስ ምቀኛ አትለኝም» አለችና ወረቀቱን አጣጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው።

«ቆይ፣ ከጣቱ አጠገብ ቦታ አለ» አለች ናዴዥ። «ያን ያስተውሽኝን ልጨምረው?»

«አይሆንም። እናቴ ቤት ያለው ምግብ ለአንድ ልጅ ነው። እኔ ከተመለስኩ ዲውላ ትመጣለች።»

ሮዝመን ቅጠሏን ውሃው ላይ ጣለች፣ ባልዲውን አነሳች፣ ዳገቱን ያዘች።

ተይው ያለችው «እማዬ፣ ነይና ውሰጂኝ» የሚለውን ነበር።