መናኸሪያ ውስጥ የተበተነው የሽምብራ ቆሎዬ

ዛሬ ጠዋት ሆሳዕና መናኸሪያ ውስጥ በእኔ የሽምብራ ቆሎ ምክንያት ሰው ሊገደል ነበር።

ከሺንሺቾ ስነሳ እማዬ ሽምብራና ኦቾሎኒ ቆልታ፣ በጨርቅ ከረጢት አድርጋ፣ አፉን ሰፍታ ሰጠችኝ። ከክፍል ክፍል ስሮጥ ከኪሴ እየዘገንኩ የምውለው እሱን ነው። ሥጋማ ለተማሪ የማይታሰብ ነው። (ጂም የሚሠራው የዶርም ጓደኛዬ "ፕሮቲን ነው" እያለ ግማሹን ይጨርስብኛል።)

ከሚኒባስ እንደወረድኩ አንድ ሰውዬ ከረጢቱን ከእጄ መንጭቆ ሮጠ። "ሌባ" ብዬ ጮህኩ። ምነው ባልጮህኩ።

የመናኸሪያው በር ጋ ያዙት። ረዳቶቹ፣ ተሸካሚዎቹ፣ ምንም ያልተሰረቀባቸው ተሳፋሪዎች ሳይቀሩ በዱላና በጫማ ወረዱበት። አፍንጫው ተሰበረ፤ ጥርሱ ከደም ጋር ወጣ። እኔም እልህ ይዞኝ ሆዱን ረገጥኩት።

"ይበቃዋል፣ ልትገድሉት ነው" ያለ አንድ ሹፌር ነበር። እሱንም በጥፊ አሉት።

በግርግሩ መሐል ከረጢቱ ተቀደደና ሽምብራው መሬት ላይ ተበተነ።

ሙዝ የሚሸጡ አንዲት እናት፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፣ "እህል ትረግጣላችሁ? እግዜርን አትፈሩም?" አሉ።

ሁሉም ቆመ። ዱላ የያዘው ሰውዬ እግሩን ሰብስቦ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ደብዳቢዎቹ ጎንበስ ብለው ሽምብራውን ይለቅሙልኝ ጀመር፤ ደም የነካውን እየለዩ።

ሌባውን ያነሳው የለም። እየተንፏቀቀ ወጣ።

አሁን ዶርም ነኝ። ከረጢቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ጓደኛዬም ዛሬ አልነካውም።

እናንተስ ሰው ስትደበድቡ ምን አስቆማችሁ? እኔን ያስቆመኝ ሽምብራ ነው።