ትርፍ አንጀቴና የወንድሜ ክብር

ሕመሙ መጀመሪያ የያዘኝ እምብርቴ ዙሪያ ነው። ገብስ እያጨድን ነበር። ምች መስሎኝ ዳማከሴ ጨምቄ ጠጣሁ። በማግሥቱ ወደ ቀኝ ጎኔ ወደ ታች ወረደ። አስመለሰኝ፤ ትኩሳትም ያዘኝ። እንዲህ የሚያማችሁ ሰዎች፣ እንደኔ ዳማከሴ ስትጨምቁ እንዳትውሉ።

ጎረቤት ተጠርቶ በቃሬዛ ተሸከሙኝ። እኛ ያለነው በእስቴና በስማዳ መካከል ነው፤ አንዲት ትንሽ ሆስፒታል ቅርባችን አለች። ነገር ግን በአገራችን የዘመድ ፍቅር የሚለካው በርቀት ነው፤ ዘመዱን ቅርብ ያሳከመ ሰው ቆጥቋጣ ይባላል። ታላቅ ወንድሜ በላቸው ደግሞ ይህን ስም ከእኔ ሞት አብልጦ ይፈራል። የሆስፒታሏ በር ላይ ስንደርስ ተሸካሚዎቹ ትከሻ ሊቀያየሩ ቆሙ።

"እዚህ እናስገባት?" አለ አንዱ።

"ለክኒን ነው እንዴ እህቴን ያሸከምሁ? ደብረ ታቦር ነው የምወስዳት!" አለ ወንድሜ።

አለፍን።

ቁልቁለቱ ላይ ሕመሙ በድንገት ለቀቀኝ። ወንድሜ "ተመስገን፣ ተሻላት" አለ። አልተሻለኝም። ለካ ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ ነበር። ቆይቶ ሆዴ በሙሉ እንደ እንጨት ደረቀ። ተንቀጠቀጥኩ። ሞቴን አየሁት።

"መልሱኝ! ካልመለሳችሁኝ ደሜ በእናንተ ላይ ነው!" አልኩ። ተሸካሚዎቹ ወንድሜን ሳይጠይቁ ዞሩ።

የትንሿ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆዴን ዳሰሰ። "ፈንድቷል። አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ካልሆነች ደብረ ታቦር አትደርስም" አለ።

"እዚህ ማን ኦፕራሲዮን ሆኖ ያውቃል?" አለ ወንድሜ።

"እያለፋችሁን በምን ይታወቅ?"

ኦፕራሲዮን አደረገኝ። ከዚያ መግሉ በቀጭን ቱቦ እየወጣ፣ ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል የሚሉት መድኃኒት በደም ሥሬ እየገባ፣ መጀመሪያ ሻይ በማንኪያ፣ በኋላም አጥሚት እየቀመስኩ፣ ቀስ በቀስ ተነሥቼ ለመቀመጥ፣ ከዚያም ግድግዳ ተደግፌ ለመራመድ በቃሁ። አንድ ቀን የበላይ አካል ነን ያሉ ሰዎች ገብተው በግራ በቀኜ ያሉትን ባዶ አልጋዎች እያዩ "ታካሚ ከሌለ ባለሙያ ማስቀመጥ አያዋጣም" ተባባሉ። "እኔስ? እኔ ሰው አይደለሁም?" ብዬ ጮኽኩባቸው። "እናታችን፣ ይረፉ" ብለውኝ ወጡ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከዳንኩ በኋላ በጊዮርጊስ ማኅበር ላይ ወንድሜ ጠላውን ይዞ "እህቴን ደብረ ታቦር ወስጄ፣ በትልቅ ሐኪም አሳክሜ አዳንኋት" ሲል ሰማሁት። ቄሱ ሊመርቁት እጃቸውን አነሡ።

ብድግ አልኩ። "አባ፣ አይመርቁት፤ እየዋሸ ነው! ያዳነችኝ እሱ ጥሏት ያለፋት ትንሿ ሆስፒታል ናት።"

ቄሱ እጃቸውን መለሱ። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም፤ እኔም አልናፈቀኝም።

ባለሙያው ወደ ደብረ ታቦር ተዛውሯል፤ የቀዶ ሕክምናው ክፍል ተቆልፏል። እጁ ይባረክ፤ ቁስሌን ያጠቡልኝን ነርሶችም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ክፍት የሆነ ትንሽ ሆስፒታል ያላችሁ ሰዎች፣ ለጉንፋኑም ለወሊዱም ግቡበት፣ ሰው እንዳለው ይታይ። የእኛ አገር ሰዎች ግን፣ ቀኝ ጎናችሁን ሲያማችሁ ወንድሜን ጥሩት፤ ደብረ ታቦር ሰው ማድረስ እችልበታለሁ ይላል።