ጌሾ ያልሆነው ቁጥቋጦ

ያደግሁት ጌሾ ከሚተከልበት ቤት ስለሆነ ስለ ቁጥቋጦ የሚመክረኝ ሰው አልወድም ነበር። አባቴ ሉማሜ ላይ ጌሾውን በየዓመቱ እስከ ጉልበት ይቆርጠውና መልሶ ለምለም ያደርገዋል። «ያልተቆረጠ አይታደስም» ሲል ነው የሰማሁት። ይህን ዕውቀቴን ይዤ፣ አስተማሪ አግብቼ፣ ቢቸና ገባሁ። በጃንሆይ ዘመን ነው።

የተከራየነው ካንዲት ባልቴት ግቢ ነበር። ከደጃቸው አጠገብ ነጭ አበባ የሚያወጣ አንድ ቁጥቋጦ አለ። አንድያ ልጃቸው አዲስ አበባ ስትማር ዘንጉን ቆርጣ አምጥታ የተከለችው ነው። ልጅቱ ሞተች፤ ቁጥቋጦው ቀረ። የካቲት ሲገባ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያብባል። ያን ሰሞን እትዬ በርጩማቸውን አውጥተው ከፊቱ ይቀመጣሉ፤ ሰውም አያናግሩ።

ኅዳር ላይ «ዓይኔን ጋረደኝ» ብለው ሞጣ እኅታቸው ዘንድ ለጠበል ሄዱ። ሲወጡ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ አደራሽን፤ ውሃ እንዳታሳጪው። ደረቅ ደረቁንም ልቀሚለት።»

«ለዚህማ አይስጉ እትዬ። እኔ እኮ ጌሾ ውስጥ ነው ያደግሁት» አልኳቸው።

ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ቅጠሉን አረገፈው። ዘንጉ ቀጥኖና ጠቁሮ ሲታይ የሞተ መሰለኝ። ማጭድ አንስቼ እስከ ጉልበቴ ድረስ ከረከምኩት፤ ሥሩን ኮትኩቼ ፍግ አለበስኩት። በጥር አቆጠቆጠ። ባሌን እየጎተትኩ ወስጄ አሳየሁት፤ ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

አንድ እሑድ ከባሌ ጋር የሚሠራ የእርሻ አስተማሪ ምሳ ሊበላ መጣ። ከሐረር ተመድቦ የመጣ ሰው ነው። ቁጥቋጦውን ሲያይ ቆመ።

«ይኼ ስፓይሪያ ነው። ማነው እንዲህ ያደረገው? የሚያብበው እኮ ባምናው ዘንግ ላይ ነው። መቆረጥ የነበረበት አበባው ሲረግፍ ነው። ዘንድሮ አበባ የለም።»

ያላወቁ አለቁ ይባላል፤ እኔ ግን ያለቅሁት አውቃለሁ ብዬ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃት ገባብኝ። በየጠዋቱ ለጋውን ቅርንጫፍ እየገለጥኩ እንቡጥ እፈልጋለሁ፤ ያለው ቅጠል ብቻ ነው። የበቅሎ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እትዬ የመጡ እየመሰለኝ ወደ በር እሮጣለሁ። ውሃ ልቀዳ ወጥቼ እንስራዬን ባዶውን ይዤ የተመለስኩበት ቀን አለ። ባሌ «ንገሪያቸው። ቢያባርሩን ሌላ ቤት እንፈልጋለን» ይለኛል። ለእሱ ቀላል ነው። እኔ የሞተችውን ልጅ ደግሜ የገደልኳት ነበር የመሰለኝ።

የካቲት አጋማሽ ላይ እትዬ መጡ። እኅታቸው ደግፈው ከበቅሎ አወረዷቸውና ዕቃ ወደ ማራገፉ ሄዱ። «እንኳን ደህና መጡ» ስላቸው እትዬ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ፤ ዓይናቸው ግን በላዬ አለፈ። ጠበሉ አልሆነላቸውም።

«ልጄ፣ አበበ?» አሉኝ።

የተሰማኝን ልናገር። ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

«አብቧል እትዬ። እንዳምናው ነው።»

እጃቸውን ዘርግተው ወደ ቁጥቋጦው መሄድ ጀመሩ። ላስቆማቸው እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት። ጣቶቻቸው አበባው ይኖርበት ከነበረው ቦታ ላይ ባዶውን ዳሰሱ። ዝቅ አሉ፤ አሁንም ዝቅ አሉ። ጉልበታቸው ዘንድ ሲደርሱ የተቆረጠውን ጫፍ አገኙት። አንድ በአንድ ነኩት።

አልጮኹም። «ከግቢዬ ውጪልኝ»ም አላሉኝ።

«የተቆረጠስ ያድጋል» አሉ። «እኔ ግን ከእንግዲህ የማየው ባንቺ ዓይን ነበር።»