ግራጫው ዝንብ

ልብስ ሰፊዋ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለዓሣ ማጥመጃ የሚሆን የክርና የላባ ዝንብ ስትሠራ ኖራለች፤ ወንዙን ግን አንድም ቀን አይታው አታውቅም። ቀን ቀን በጠባቧ ሱቋ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ሥራው ጋብ ሲልላት መብራቱን ወደ ራሷ ጎተት አድርጋ፣ ከጥፍር በማትበልጥ መንጠቆ ላይ ክርና ላባ ትጠመጥማለች። ትራውት የሚባለው ዓሣ ምላሱ ቅምጥል ነው፤ ከወንዙ የሚፈለፈሉትን ነፍሳት ቁርጥ ያልመሰለ ነገር ቢያቀርቡለት ዞር ብሎም አያየውም። ባሏ፣ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ፣ ነፍሳቱን አይቶ ይመጣና “ግራጫ ነው፣ ክንፉ ቀጥ ያለ፣ ጅራቱ ሦስት” ይላታል። እሷም ያለውን አምና ትሠራለች። ዓሣ ይዞ የሚገባው ግን ከስንት አንዴ ነው። “ዓሦቹ ዛሬም አኩርፈዋል” ይላል፣ ቦት ጫማውን እያወለቀ።

አንድ ቀን የስፌት መኪናዋ ተበላሸ። ጠጋኙ ለነገ ስለቀጠራት፣ እጇን አጣጥፋ ከመቀመጥ ብላ፦

“እኔም ልምጣ?” አለችው።

“ይሰለችሻል እኮ።”

“ከሰለቸኝ እተኛለሁ።”

እውነትም ተኛች። ወንዙ ዳር ፀሐይ ያሞቀው ድንጋይ ላይ ጋደም ብላ፣ የውሃው ድምፅ እሹሩሩ ሲላት፣ እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ አለ። ስትነቃ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ ውሃው ደግሞ ሌላ ውሃ ሆኗል። ከውሃው ገጽ ላይ አንዲት ነገር ብቅ አለች፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ መቶ። እርጥብ ክንፋቸውን እየዘረጉ ከወራጁ ጋር ትንሽ ይንሳፈፋሉ፤ ከዚያ ብድግ ይላሉ። ወንዙ ወደ ሰማይ የሚዘንብ መሰላት። ሕልሙ ያላለቀ ስለመሰላት ትንፋሿን ዋጥ አደረገች።

አንዷ እጅጌዋ ላይ አረፈች። ክንፏ ቀጥ ያለ ነው፣ ጅራቷም ሦስት። ሰውነቷ ግን ሮዝ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የታጠበ ሮዝ ሐር።

“አንተ፣ ይቺ ቀለሟ ምንድን ነው?”

ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ የቆመው ባሏ ቀረብ ብሎ አያት። “ግራጫ ነዋ! ግራጫ ካልሆነች ዓይኔን ግንባር ያድርገው!”

ሰፊዋ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አንጀቷን በላት። በእጮኝነታቸው ጊዜ የሮዝ ቀሚሷን “ይህ ግራጫ ያምርብሻል” ብሏት አንድ ሳምንት ሙሉ አኩርፋው ነበር። ለካ ሰውየው አልቀለደም።

 ከቦርሳዋ የማይለያትን የክርና የላባ ከረጢት አወጣች፤ ከባሏ ሳጥን አንድ መንጠቆ አንስታ፣ በጉልበቷ ላይ ሮዙን ክር ጠመጠመች፣ ላባውን አቆመች፣ በጥርሷ ቆረጠችው። “እስቲ ይህን ሞክር።”

ወረወረ። ዝንቡ ከእውነተኞቹ መካከል ገብቶ ትንሽ እንደ ተንሳፈፈ ውሃው ተከፈተና ዋጠው። ዘንጉ ጎበጠ። ፖስተኛው እንደ ልጅ እየጮኸ ጎተተው፦

“ምን አድርገሽበት ነው?”

“ሮዝ አደረግኩት።”

“ሮዝ ናቸው እንዴ?” ዓሣው እጁ ላይ ይፈራገጣል። “ከመቼ ጀምሮ?”

“ከተፈጠሩ ጀምሮ መሰለኝ።”

ወደ ዳር ወጥቶ ዓሣውን ድንጋዩ ላይ አኖረው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ደነገጠች፤ እሱ ግን እየሳቀ ነበር። ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀና አጠገቧ መጥቶ ቁጭ አለ።

“ሌላስ? ያ ማዶ ያለው ዳገት ምን ይመስላል?”

“ከላይ ቢጫ ነው። ዛፎቹ ሥር ሲደርስ ወይን ጠጅ ይሆናል።”

“ውሃውስ?”

“ውሃው ገና አልወሰነም።”

ነፍሳቱ እየሳሱ እስኪሄዱ ድረስ እሱ ሲጠይቅ፣ እሷ ስትነግረው፣ መሃል መሃሉን ሮዙን ዝንብ ሲወረውሩ ቆዩ። ሁለት ዓሣ ይዘው ቤት ገቡ። ሦስተኛውን የያዘችው እሷ ራሷ ነበረች፤ ጀርባው ላይ ያሉትን ቀያይ ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ቆጥራለት መልሳ ለቀቀችው።