ያልጸዳው ሉህ

ኡሙልኸይር ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ በየቀኑ ሉህ ታጥብ ነበር። ሉህ የቁርኣን ተማሪዎች ትምህርታቸው የሚጻፍበት የእንጨት ሰሌዳ ነው፤ የትናንቱ ካልጠፋ የዛሬው አይጻፍበትም። ውሃ አፍስሳ በሻካራ ቅጠል ትፈትገዋለች፣ በሆርማት ወንዝ ደቃቅ አሸዋ ታሸዋለች፣ ሦስት ጊዜ ታለቀልቀዋለች። እጣቢውን እግር በማይረግጠው በቁልቋሉ አጥር ሥር ትደፋዋለች፤ የአላህ ቃል የታጠበበት ውሃ መንገድ ላይ አይፈስም። እሷ ካጠበችው ሉህ ላይ አሮጌ ፊደል ከአዲሱ ሥር ብቅ ብሎ ተማሪ ያሳሳተበት ቀን በቆቦ አይታወቅም።

ለሃያ ዓመት የሚጽፉት ባሏ ሸህ በድረዲን ነበሩ። በ1951 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ወባ ቆላውን ሲፈጀው እሳቸውም በታመሙ በአምስተኛው ቀን አረፉ። ልጅ አልወለዱም፤ ፎቶግራፍም ተነስተው አያውቁም። ኪታቦቻቸው በሌላ ሰው እጅ የተገለበጡ ነበሩ። የእሳቸው የእጅ ጽሑፍ የቀረው ከመታመማቸው በፊት በጻፉት አንድ ሉህ ላይ ብቻ ነው። ኡሙልኸይር ያንን ሳታጥብ ከመኝታዋ ራስጌ አቆመችው። በቦታቸው የተተኩት መምህር ሸህ ታሂር አንድ ሉህ እንደጎደለ ቢያውቁም አልጠየቋትም።

ኅዳር ሲገባ የጎረቤቷ የራህመት ባል ዘይኑዲን በወባ ታሞ ተኛ። ወደ ደሴ ሐኪም ቤት የሚወስደው የጭነት መኪና እስኪመጣ ሁለት ቀን ይቀር ነበር። በአገሩ ልማድ በሽተኛ የቁርኣን እጣቢ ይጠጣል፤ ራህመትም ጣሳ ይዛ መጣች።

«የሸሁን የእጅ ጽሑፍ እጠቢልኝ፣ እህቴ።»

«ሸህ ታሂር ይጻፉልሽ። የሳቸውስ ቁርኣን አይደለም?»

«ነው። እሱ ግን የሸሁን ነው የሚለኝ። ትናንት ‹ገና ሳልሞት ለማን ነው የምትኳዪው?› እያለ ያሾፍብኝ ነበር፤ ዛሬ ማሾፉንም ተወ።»

ኡሙልኸይር ወደ መኝታዋ ራስጌ ዞር ብላ አየች።

«አንቺ! የኔ ባል እኮ አልሞተም። እንጨት ታቅፈሽ ልትቀበሪ ነው?»

ኡሙልኸይር ጣሳውን ተቀብላ ብቻዋን ወደ ውስጥ ገባች። ሉሁ ላይ ውሃ አንድ ጊዜ ብቻ በቀስታ አንቆረቆረች። ቅጠሉን አልነካችም። ጥቂት ጥቁረት ወረደ፤ ፊደሎቹ ሳሱ፣ ግን እንደሚነበቡ ቀሩ።

«ምነው ቀጠነ?» አለች ራህመት ጣሳውን አዘንብላ።

«ቀለሙ አርጅቶ ነው።»

ዘይኑዲን መኪናው ሳይደርስ ሞተ።

ኡሙልኸይር ሦስቱንም የለቅሶ ቀን ውሃ ስትቀዳ ዋለች። በአሥረኛው ቀን ራህመት ለለቅሶው የተዋሰችውን እንስራ ልትመልስ ገባች። ሉሁን ከራስጌው አየችው። ማንበብ አትችልም፤ መስመሮቹ ግን ይታያሉ።

«ይኼ ሌላ ነው?»

«ያው ነው።»

ራህመት እንስራውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ይድናል አላልኩሽም» አለች ድምጿን ሳታነሳ። «እሱ ግን የሸሁን ጠጣሁ ብሎ ነው የሞተው።»

እጣቢ ወባን እንደማያድን ኡሙልኸይር በባሏ ላይ አይታ ነበር። ለራህመት ግን ይህን ሰበብ አድርጋ አላቀረበችም። ራህመት ወጥታ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ደጇን አልረገጠችም።

በማግስቱ ኡሙልኸይር ሉሁን አወጣች። ፈተገችው፣ አሸችው፣ ሦስት ጊዜ አለቀለቀችው። ፀሐይ ላይ አዘንብላ አየችው፤ ምንም አልነበረበትም። ወስዳ ለሸህ ታሂር ሰጠቻቸው። ሲደርቅ፣ ከጎብዬ ለመጣ አዲስ ተማሪ የቁርኣኑን መክፈቻ ፋቲሓን ጻፉበት።