ባሕር ውስጥ ያልጣሉት ፕላስቲክ
አጎቴ ጋሼ በደርግ ጊዜ የንግድ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነበሩ። ልደታ ቤታችን ገበታ በተነሣ ቁጥር፣ "የምግብ ትራፊ ከየብስ ርቆ ይደፋል፤ ፕላስቲክ ግን የትም ባሕር ውስጥ አይጣልም" ይሉን ነበር።

አንድ ቀን ባሕር ላይ ሳሉ አለቃቸው የተጠራቀመ ቆሻሻ አሳይቶ፣ "ይኼ ፕላስቲክ ሸቶናል፤ ባሕር ውስጥ ጣለው" አላቸው።

"ሕጉ ይከለክላል። አሰብ ስንደርስ አራግፈዋለሁ" አሉት።

በዚህ ብቻ "ፀረ አብዮት" ብሎ አስባረራቸው። ባሕር እንደናፈቃቸው ሞቱ።

ያ አለቃ ለቅሶ መጥቶ፣ "ሕግ አክባሪ ነበሩ" አለ። ቀርቤ ጠየቅኩት።

"ታዲያ ለምን አስባረሯቸው?"

"ጊዜው ነው፣ ልጄ።"

"ጊዜው አይደለም፤ እርስዎ ነዎት" አልኩት።

የጋሼ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል ከለከልኩት። እስከ ዛሬም ማንንም አላስቀመጥኩበትም፤ በሩ አጠገብ ባዶውን ቆሟል።